የሚቀመጥ ጠበቃ

ዳምጠው ከሚስቱ ከትርሲት ጋር እንዲያስታርቁት የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች እሷ ሳሎን ውስጥ ከቆሙ ሁለት ዓመት አለፋቸው። የመጡ ዕለት «እሺ ሳትዪን አንቀመጥም» አሉ፤ ወግ ነውና ማንም አልገረመውም። ትርሲት እሺ አላለችም። እነሱም አልተቀመጡም።

ሽማግሌ ቆሞ ደግሞ የቤት ባለቤት አይቀመጥም። ስለዚህ ትርሲት ቆማ በላች፣ ቆማ ቴሌቪዥን አየች፣ ግድግዳ ተደግፋ ተኛች። ዳምጠው እህቱ ቤት ሶፋ ላይ ተጋድሞ መልስ ይጠብቃል። ትርሲትን ከትዳሩ ይልቅ ያስመረራት ወገቧ ነበር። ፍቺ ማለት ለእሷ በገዛ ቤቷ ቁጭ ማለት ነው።

ጠበቃ ጠራች። አቶ ሽመክት በችሎት ስሙ የገነነ ሰው ነው፤ ሽማግሌዎቹን ሲያይ ግን ኮፍያውን አውልቆ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። መሪያቸው ጋሽ ይልፋሸዋ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ብለው ጀመሩ። ሲጨርሱ አቶ ሽመክት አራተኛ ሆኖ ቆሟል።

«የእኔ ጠበቃ አይደሉም እንዴ?» አለች ትርሲት።

«ነኝ። ግን እስቲ እሺ ይበሏቸው።»

ሁለተኛው ጠበቃ የኪራይ ውል እንጂ የባልና ሚስት ጉዳይ ይዞ አያውቅም። እሱ ገና በሩ ላይ ሳለ አምስተኛ ሆነ። ሳሎኑ ጠበበ።

ከዚያ ወዲህ ትርሲት በስልክ መጠየቅ ጀመረች። «የቤተሰብ ጉዳይ ይዘው ያውቃሉ? ሽማግሌ ቆሞስ መቀመጥ ይችላሉ?» ብዙዎቹ ጆሮዋ ላይ ዘጉባት። ወይዘሮ ረድኤት የምትባል ጠበቃ ግን «ስንት ናቸው?» አለች።

«ሦስት። ከጠበቆቹ ጋር አምስት።»

«ቅዳሜ እመጣለሁ።»

መጣች። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ሰላም አለች፣ ምርቃታቸውን ተቀበለች፣ ሄዳ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች።

«ልጄ፣ ነውር አይደለም?» አሉ ጋሽ ይልፋሸዋ።

«ነው አባቴ» አለች ቦርሳዋን እየከፈተች። «ወይዘሮ ትርሲት፣ ይቀመጡና አቤቱታውን እንጻፍ።»

ትርሲት ፈራች። ጉልበት እንዴት እንደሚታጠፍ ረስታ ስለነበር መጀመሪያ የሶፋውን ክንድ ያዘች። ከዚያ ተቀመጠች። ደስ ብሏት አለቀሰች።

ሁለቱ ጠበቆች ቀጠሮ እንዳለባቸው ትዝ አላቸውና ሄዱ። ሽማግሌዎቹም እየተነጫነጩ ተከታትለው ወጡ፤ ጋቢዎቻቸው ግን አልተከተሏቸውም። ሦስት ባዶ ጋቢዎች ሳሎኑ መሀል ቆመው ቀሩ። ከመካከለኛው ውስጥ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

ትርሲት ልትነሳ ስትል ወይዘሮ ረድኤት ጉልበቷን ያዝ አደረገቻት። ሁለቱም ከሶፋው አልተነሱም። ጋቢዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያም ቀስ ብለው ተቀመጡ።