ለጓንጉል የተቀዳ ደም

ሥራዬ ኩላሊት መክተፍ ነው። እንዲህ ስል ሰው ልኳንዳ ቤት ያለኝ ይመስለዋል፤ እኔም አላርመውም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ፓርክላንድስ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ላብራቶሪ ሐኪሞች በመርፌ የሚያወጧትን፣ የክብሪት እንጨት የማታክል ሥጋ በሰም አጠንክሬ፣ ከፀጉር አሳስቼ እቆርጥና ቀለም አጠጥቼ መስታወት ላይ አስቀምጣለሁ። ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ቤቴ ድረስ የተከተለኝ ግን አንድ መስታወት ብቻ ነው።

የጓንጉል ነው። ጓንጉል እዚሁ ከተማ፣ ዌስትላንድስ ሰፈር ምግብ ቤት ነበረው። ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የሚቆም፣ ቅዳሴ ላይ እንኳ ሳቅ የሚያመልጠው ጎልማሳ። የደም ግፊቱን ንቆት ኖሮ በፈረንጆቹ 2006 ኩላሊቱ ደከመና ናሙናው እኔ ጋ መጣ። በማይክሮስኮፕ ሳየው የትንንሾቹ ደም ስሮች ግድግዳ እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ መሃሉን ደፍኖታል። ሐኪሙ ሌላ ኩላሊት ያስፈልገዋል አለ። ደሴ ልብስ የምትሰፋ እህቱ ብዙነሽ ይህን ስትሰማ፣ «የእኔን ውሰዱ» ብላ በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ተነሣች።

ሐሙስ ጠዋት፣ እሷ ድንበሩን ተሻግራ ገና ማርሳቢት መንገድ ላይ ሳለች፣ ጓንጉል ሞተ።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ መልአኩ ሰበሰቡን። «ለመንገደኛ መርዶ አይነገርም» አሉ። «ትረፍ፣ እህል ትቅመስ። እሁድ ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበን እንነግራታለን። እስከዚያ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው፣ ጠያቂ አይገባም በሏት።» ሁላችንም እሺ አልን። ወጉን አልሰድብም፤ የእናቴን ሞት ለእኔም የነገሩኝ እንዲሁ ነው።

አርብ ከሰዓት ጋሽ መልአኩ ራሳቸው ብዙነሽን ላብራቶሪ ይዘዋት መጡ። አልቀመጥ ብላቸው ኖሯል።

«ጋሽ በኃይሉ፣ ደሜን ዛሬውኑ ይቅዱልኝ» አለችኝ። «ለምርመራው ብዬ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።»

ጋሽ መልአኩን አየኋቸው። ከኋላዋ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ብለህ አባብላት ማለታቸው ነው። ተናደድኩ፤ ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ጓንቴን አጠለቅሁ።

«መጀመሪያ ኩላሊቱን ያሳዩኝ» አለች። «እርስዎ ጋ አለ ብለውኛል።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። መስታወቱን አውጥቼ ማይክሮስኮፑን አስተካከልኩላት። ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

«ቀይ ክር የተቋጠረ ይመስላል።»

«ልክ ነሽ፣ ከደም ስር የተጠቀለለ ልቃቂት ነው። ደም በአንዷ ቀጭን ስር ይገባል፣ እዚያ ይጣራል፣ በሌላዋ ይወጣል። አንድ ኩላሊት ውስጥ እንዲህ ያለ ሚሊዮን ገደማ አለ።»

«ታዲያ መግቢያው የታለ?»

«ተደፍኗል።»

«የእኔ ግን ክፍት ነው አይደል?»

«ክፍት ይመስለኛል።»

«እንግዲያስ ይድናል!» ብላ ሳቀች። ሳቋ የጓንጉል ሳቅ ነበር።

ክንዷን ዘረጋችልኝ። ደሟ ወዲያው ብልቃጡን ሞላው። የእሷን ስም ጽፌ ላስቀምጠው ስል እጄን ያዘችኝ።

«የሱንም ይጻፉበት እንጂ። ከሌላ በሽተኛ ጋር ቢቀላቀልስ?»

«ለጓንጉል አስፋው» ብዬ ጻፍኩ። ትናንት የሞተ ሰው ስም፣ በራሴ እጅ፣ እሷ እያየች።

«እጅዎ ይባረክ» አለችኝ። አፌን ከፍቼ ልነግራት ነበር። ጋሽ መልአኩ ግን በሩን ከፍተው «ነይ ልጄ፣ እህል ቅመሺ» አሏትና ወጣች።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ጋሽ መልአኩ ቤት ሞላን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ብዙነሽ ከመኝታ ክፍል ብቅ ስትል ያን ሁሉ ሰው አየች፤ የነገራት የለም፣ መንገርም አላስፈለገም። ጩኸቷ ፎቁን ሁሉ አናጋው። ሰው ደረቷን እንዳትደቃ ይዟት ብዙ ከቆየ በኋላ ድምፅዋ ተዘጋ። ያኔ ተነሥታ ፊቴ ቆመች።

«አርብ ዕለት ሞቶ ነበር?»

«አዎ።»

«ስሙን ሲጽፉ ያውቁ ነበር?»

«ልጄ፣ ወግ ነው...» ብለው ጋሽ መልአኩ ጀመሩ። ዞራም አላየቻቸው።

«አውቅ ነበር» አልኩ።

«እነሱ በአፋቸው ነው የዋሹኝ። እርስዎ ግን ሰውነቴን በመርፌ ወጉት። ደሜን ይመልሱልኝ።»

አፈርኩ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ አፍሬ አላውቅም። በማግስቱ ከሬሳው ጋር በአውሮፕላን ሄደች። ስልክ ብደውል አታነሣም።

አሁን ሦስት ዓመት ሆኖታል። ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር የማንም ኩላሊት ይሁን፣ ያን ልቃቂት ሳይ ከኋላዬ አንድ ሰው ይስቃል። ዞር ስል ማንም የለም። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ ጸሎት ሰጡኝ፣ ሳቁ ግን አልቀረም።

ብልቃጡም ማቀዝቀዣው ውስጥ አለ። ቀዩ ወደ ታች ሰጥሟል፣ ብጫው ከላይ ቀርቷል። ማቀዝቀዣው በሚጸዳበት ቀን ሁሉ የሥራ ባልደረባዬ ኢስሀቅ ያነሣውና ጽሑፉን ያነባል።

«ይሄ ጓንጉል የሚባለው ሰውዬ አይመጣም እንዴ? ልጣለው?»

«ተወው» እለዋለሁ። «መንገድ ላይ ነው።»