ስድስተኛው ምዕራፍ የት ገባ?

አያትየዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽር ፍለጋ ቤቱን ስታምስ፣ የልጅ ልጇ ከሶፋው ላይ ሳቋን ለቀቀችው።

«እማማ፣ መጽሐፋችሁ መቁጠር አይችልም። ከምዕራፍ አምስት ዘሎ ሰባት ገባ።»

ልጅቱ ከተወለደች ጀምሮ ዓይነ ስውር ናት። አሁን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል፤ ባሏ ለሥራ ሩቅ አገር ስለሄደ አያቷ ዘንድ ከርማለች። ስለ እርግዝና የሚያወራውን መጽሐፍ ስልኳ በዚያ ጥድፊያ ድምፁ ያነብላታል። መጽሐፉን ያዘጋጀው አያትየዋ ያለችበት የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነው። ማሽን ገጹን ፎቶ አንስቶ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ ማሽኑ የሳተውን እነሱ ፊደል በፊደል ያርማሉ።

«ስድስትማ አለ! እኔው ነኝ ያረምኩት። ጥጉ ላይ ቀለም የተንጠባጠበበት ገጽ ነበር። ማሽኑ ጠብታውን ሁሉ ፊደል እያደረገ አበሳዬን አሳየኝ።»

«እና ምን ይላል?»

አያትየዋ ምን እንደሚል አታውቀውም። ከመስመሩ ሥር ማስመሪያ አስደግፋ አንድ በአንድ ስትለቅም ዓይኗ ያለው ፊደሉ ላይ ነበር። ነገሩን መች አየችው?

ነጠላዋን አንጠልጥላ ወደ ማኅበሩ ገሰገሰች።

ቢሮው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። የታረመውን መጽሐፍ መጨረሻ አይቶ የሚያጸድቀው ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ በሌለበት «ቀይ እስክሪብቶ» ይሉታል።

«ጋሼ፣ ስድስተኛው ምዕራፍ የት ገባ?»

«አወጣሁት» አለ፣ ቀና ሳይል። «እትዬ፣ አንብበውታል? ደም፣ መንቀጥቀጥ… ደግሞ ‹ዓይን ብዥ ይላል› ይላል። ይሄ ለዓይነ ስውር ይነበባል? ነውር አይደለም? አዝኜላቸው ነው።»

«አዛኝ ቅቤ አንጓች! የልጅ ልጄ እንደማታይ ከመጽሐፍ ነው እንዴ የምትሰማው? የራሱን በሽታ የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሰው በሽታ የደበቀስ ምን ይባላል?»

«ይረጋጉ እንጂ፣ እትዬ። እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እርስዎ ራስዎ ይህን ለልጅ ልጅዎ ያነቡላታል?»

ይህቺ ጥያቄ አጥንቷ ድረስ ገባች። ክፉ ወሬ ሲመጣ ሬዲዮ የምትዘጋው፣ ልጅቱ ከእሷ አሳምራ ሽንኩርት እየከተፈች ቢላዋ የምትደብቅባት ማን ሆነና?

«አላነብላትም» አለች። «እኔ ፈሪ ነኝ፤ ዘልዬ ነበር የማነብላት። ለዚህ አይደል መጽሐፍ የሚያስፈልጋት! እኔ ስደብቅ እንዲነግራት! እርስዎ ደግሞ እሱንም እንደኔ ፈሪ አደረጉት።»

ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ወንበሩ ላይ ተደላደለች። «ይመልሱት። ሳይመለስ ንቅንቅ አልልም።»

ዳይሬክተሩ አጉረመረመ፣ ማውሱን ጠቅ ጠቅ አደረገ፤ መለሰው።

አያትየዋ ቤት እንደገባች ልጅቱ ስልኳን ከፈተች። አያትየዋ ወደ ጓዳ ሹልክ ልትል ስትል «ቁጭ በይ፣ እማማ፤ አብረን ነው የምንሰማው» አለቻት።

«ፊትና እጅ በድንገት ሊያብጥ ይችላል» አለ ስልኩ። «የማይለቅ ራስ ምታት ይኖራል። ይህ የታየባት እናት ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም…»

ልጅቱ ድምፁን አቆመችው። የቀለበት ጣቷን አሸት አሸት አደረገች።

«እማማ፣ ቀለበቴ ከትናንት ጀምሮ አልወጣ ብሎኛል። ራሴንም ጠዋት ያልኩሽ… አልተወኝም።»

አያትየዋ ፊቷን አየችው። ዛሬ ጠዋት «ሞላልሽ እኮ፣ እርግዝና አማረብሽ» ያለችው ፊት ነው። የሚያየው የእሷ ዓይን፣ ያወቀው የልጅቱ ጣት!

«ጫማሽን! ተነሺ፣ ጫማሽን!» እያለች የራሷን ጫማ አቀበለቻት።

ሆስፒታል ሐኪሟ የልጅቱን የደም ግፊት ለካች፤ ፊቷ ተለወጠ። «ይቺ ቤቷ አታድርም» አለች፤ ወዲያው አስተኝታ መድኃኒት ጀመረችላት። ቆይታ ወጣችና የጽንሱ ልብ ደህና እንደሚመታ፣ ግፊቱም መውረድ እንደጀመረ ለአያትየዋ ነገረቻት። «ደግ አመጣችኋት፣ እናቴ። ብትዘገዩ ኖሮ…» ብላ ተወችው።

አያትየዋ ኮሪደሩ ላይ ሆና ወደ ቀይ እስክሪብቶ ደወለች።

«እትዬ? አሁን ደግሞ ምን ሆኑ?»

«የልጅ ልጄ ሆስፒታል ተኝታለች። ያዳናት እርስዎ የቆረጡት ምዕራፍ ነው።»

ከወዲያ በኩል እስክሪብቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«ነገ በጠዋት እመጣለሁ» አለች፣ ድምፅዋ ኮሪደሩን እየሞላው። «እያንዳንዱን መጽሐፍ አውጥተው ይጠብቁኝ። እስከዛሬ ሌላ ምን ምን አዝነው ቆርጠዋል?»