ጋሼ ሮበሌ የቆረጡት ሽቦ

መኩሪያ ሰው ይንቅ ነበር። ንቀቱን ደግሞ አይደብቅም፤ ከክራቫቱ ጋር አንገቱ ላይ አስሮት ነው የሚዞረው። ዘመኑ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምህረት ነው። መካኒሳ ውስጥ፣ በእነሱ መንደር፣ ስልክ የገባለት ቤት የእሱ ብቻ ነበር። ስንት ዓመት ወረፋ ጠብቆ ነው ያስገባት። በገባች በሳምንቷ ግን ስልኪቱ የእሱ መሆኗ ቀረ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቁጥሯን ለዘመድ አዝማዱ አደለ። መኩሪያ ምሳውን ሊጎርስ ሲል አንዷ ከጅማ ትፈለጋለች፣ ሌላው ከድሬዳዋ ይደወልለታል፤ ሚስቱ ዘነቡ ደግሞ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ «ኧረ ሞልቱ! ስልክ!» እያለች ትጣራለች።

«ቤቴን ቴሌ አደረጋችሁት እኮ» ይላል መኩሪያ። «ደግሞ ምን ስልክ ያስፈልጋችኋል? የእናንተ ጩኸት ያለ ሽቦም ድሬዳዋ ይደርሳል!»

ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ጋሼ ሮበሌን ነበር። ጋሼ ሮበሌ በአጥር የሚዋሰኑት ጎረቤቱ፣ የሞልቱ ባል፣ ጡረታ የወጡ አናጢና የእድሩ ዳኛ ናቸው። ልጃቸው ከድሬዳዋ ሲደውል እጀታውን ከማንሳታቸው በፊት ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። መኩሪያ ይሄን ባየ ቁጥር ሳቁን አይችለውም። «ለማን ነው የሚያወልቁት ጋሼ? ለሽቦው ነው?» ይላቸዋል ሰው ፊት። እሳቸው ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውን ደግሞ ድንቁርና ብሎ ይተረጉመዋል።

መኩሪያ በዓለም ላይ የሚያከብረው አንድ ፍጡር ነበረው፤ ታላቅ ወንድሙን ኢያቄምን። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ሁለቱንም ያሳደገቻቸው የደብረ ብርሃኗ አክስታቸው ተናኘወርቅ ናት፤ ሲርበው ግን ከራሱ አፍ ነጥቆ ያጎረሰው ኢያቄም ነው። ኢያቄም ናይሮቢ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ይሠራል። ኮምፒዩተሩንም፣ ኮምፒዩተርን በስልክ መስመር የምታነጋግረውን ሞደም የምትባል ትንሽ ሳጥንም የላከለት እሱ ነው። በዚያ ሰሞን ኩላሊቱን ታሞ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዟል። «ስነቃ መጀመሪያ የምጽፈው ላንተ ነው» ብሎታል። «ደብዳቤዬ ወር ሙሉ በአውሮፕላንና በፖስታ ሣጥን አይንከራተትም፤ እቤትህ ድረስ ይመጣልሃል። ማሽንህን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ።»

መኩሪያም ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበረውም። ሌላው ሰው ኢሜይል ሲመጣለት መሃል ከተማ ካለው የኢሜይል ማደያ ጣቢያ ሄዶ ነው የሚቀበለው። እሱ ግን ቤቱ ራሱ ፖስታ ቤት እንዲሆን ነው የፈለገው፤ የጣቢያው ማሽን ይደውል፣ የእሱ ማሽን ያንሳ፣ ደብዳቤውን ይቀባበሉ። ከስልኩ ሽቦ ቅጥያ አውጥቶ በመስኮት አስገባና መኝታ ቤት ካለችው ሞደም ጋር አገናኘው። ለማሽኑ አድራሻ ሰጠው፣ የይለፍ ቃሉን አስገባ፣ ስልኩ ገና ከመጮኹ እንዲያነሳ አዘዘው። ሲሞክረው ሠራ! ብቻውን አጨበጨበ።

አንድ እንከን ብቻ ቀረ፤ እሱም ሰው ነው። ሳሎን ያለውን እጀታ አንድ ሰው ብድግ ካደረገው ግንኙነቱ ይቋረጣል። የጎረቤት ዘመድ ከደወለ ደግሞ ሞደሟ ቀድማ ታነሳና ጆሮው ውስጥ ታፏጭበታለች። ከጅማ የደወሉ አንዲት ባልቴት «ሰይጣን ነው ያነሳው» ብለው ጸበል ገቡ ተባለ። መኩሪያ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ስልኩንም ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። «ከእንግዲህ ለማንም ስልክ የለም! እዚህ ቤት የሚሠራው ሥራ ለእናንተ አእምሮ አይደለም።»

ዘነቡ ግን ሰው ፊት መንሳት አታውቅም። ባሏ ሥራ በወጣ ቁጥር ሞደሟን ነቅላ፣ ቁም ሳጥኑን በሁለተኛው ቁልፍ ከፍታ፣ ጎረቤቱን ታስደውላለች፤ ሊመጣ ሲል ሁሉን ወደ ቦታው ትመልሳለች።

ሐሙስ ከሥራ ሲገባ የዘነቡ ዓይን ደም መስሏል። «ጉንፋን ነው» አለችው። ጉንፋን! በስልኩ እንዳኮረፈች ገባው፣ ናቃትም። አርብ ዕለት ጎረቤቶቹ ያለወትሯቸው ብቅ እያሉ፣ «እንደምን ዋልክ» ብለው ቁጭ፣ ዝም። ቅዳሜ ከሰዓት ሞልቱ ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ ይዛ መጣች። «ብላ እንጂ ልጄ፣ አንጀትህ ይጠና» እያለች እስኪጨርስ ቆመችበት። መኩሪያ በሆዱ «ጉቦ መሆኑ ነው፤ ስልኩን በጨጨብሳ ሊያስከፍቱ!» አለ። መብላቱን ግን በላ።

ጋሼ ሮበሌም ተከትለው ገቡና ማሽኑን ሲያዩት ቆዩ።

«እንግዲህ ይሄ ነገር ከናይሮቢ ወሬ ያመጣል?»

«ያመጣል።»

«የሚነግርህ ሰው ሳይኖር? እንዲያው ይጽፍልሃል?»

«ጋሼ፣ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ጣቢያው ይደውላል፣ የመጣ ደብዳቤ ካለ እዚህ መስታወት ላይ ይነበባል። ከዚህ በላይ ለእርስዎ ማስረዳት ለአህያ ማር ማቅመስ ነው።»

ሽማግሌው ዘነቡን አዩ፤ ዘነቡ ወደ ጓዳ ገባች። ኮፍያቸውን ጭነው ወጡ።

አሥር ሰዓት አለፈ። ሞደሟ ዝም። መኩሪያ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ፤ እሱም ዝም። ሮጦ ወጣ። ሽቦው ከጣሪያው ሥር ተቆርጦ ተንጠልጥሏል፤ ጋሼ ሮበሌ ጉጠታቸውን ይዘው ከመሰላል እየወረዱ ነው።

«አንተ ምቀኛ!» ብሎ ጮኸ። የነበረችውን አንቱታ እንኳ ጣላት። «ስልክ ስለከለከልኩህ ነው አይደል? አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ! ይሄ ሽቦ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቷል፣ የሱን ቃል እየጠበቅኩ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!»

መንደሩ አጥር ላይ ተሰበሰበ። የሚገርመው፣ አንድም ሰው አልሳቀም፤ አንድም ሰው ለሽማግሌው አልተቆጣም። ጋሼ ሮበሌ ጉጠታቸውን ኮታቸው ኪስ ከተቱ።

«እስከ ነገ ማለዳ ታገሰኝ ልጄ። ነገ በገዛ እጄ እቀጥልልሃለሁ።»

«ነገ ምን አለ? የእድር ስብሰባ ነው?»

ዘነቡ እጁን ያዘችው። «መኩሪያ፣ እኔ ልሙት፣ ለዛሬ ተወው።» ገፈተራት። በዚያው መሰላል ወጥቶ የሽቦውን ጫፍና ጫፍ በጥርሱ ልጦ ጠመዘዛቸው። ከላይ ሆኖም አልተወም፤ «ድንጋይ ራሶች! ከእናንተ ጋር ከመኖር በረሃ መኖር ይሻላል!» እያለ ነበር።

ገብቶ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። ጣቢያው አንዴ ካልተሳካለት ደግሞ ይሞክራል። ሞከረም። ሞደሟ አነሳች፣ አፏጨች፣ ፉጨቷም በተከፈተው መስኮት እስከ አጥሩ ተሰማ። መኩሪያ እጁን አፋተገ። አንድ ደብዳቤ ገባ፤ ቤቱ ፖስታ ቤት ከሆነ ወዲህ የመጀመሪያው። ከኢያቄም መሥሪያ ቤት ነው፤ የጻፈው ግን ኢያቄም አይደለም፣ አንድ የማያውቀው ፈረንጅ ነው።

«ውድ መኩሪያ፣ ወንድምህ ሐሙስ ጠዋት ከቀዶ ሕክምናው ሳይነቃ ማረፉን ስነግርህ በጣም አዝናለሁ። በዕለቱ ቤትህ ደውለን ስልኩን ላነሱት አዛውንት በአማርኛ አስነግረናል። አስከሬኑን ስለመላክ ውሳኔህን በዚሁ አድራሻ ጻፍልን።»

ደግሞ አነበበው። ስልኩን ላነሱት አዛውንት። የዘነቡ ጉንፋን፣ የጎረቤቶቹ ዝምታ፣ አንጀቱ ይጠና ዘንድ የበላው ጨጨብሳ፣ ሁሉም አንድ በአንድ መጣበት። መርዶ ለካ መንገድ ላይ ነበር፤ በወጉ፣ በንጋት፣ በሰው ተከቦ፣ የሚይዘው ዘመድ አጠገቡ ኖሮ ሊነገረው።

ቀና ሲል ጋሼ ሮበሌ በሩ ላይ ቆመዋል። ፉጨቱን ሰምተው ነው የመጡት። ያን ሁሉ ስድብ ሰምተው ቤታቸው አልገቡም ነበር።

«አክስትህ ነገ ንጋት ላይ ከደብረ ብርሃን ትደርሳለች» አሉ። «እሷ አቅፋህ እንድትሰማ ነበር እኮ... መርዶዋን ሁለት ቀን እንዴት አፈንናት መሰለህ።»

መኩሪያ ከማሽኑ ፊት ተነሳ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ እሱ ተራመዱ፣ ጭንቅላቱንም ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

«አይ ልጄ፣ አይ ልጄ! ብቻህን ሰማኸው!»

ያን ጊዜ ነው «ወይኔ ወንድሜ!» ብሎ የጮኸው። ሞልቱ ከአጥሩ ማዶ ጩኸቱን ተቀበለችው፣ ከሞልቱ ቀጥላ ሌላዋ፤ መኩሪያ ግን ጉጠት ያለበትን የአናጢውን ኮት በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ አልለቅም አለ።