ቆሞ የተበላ

ጉርሻው ከበየነች አፍ ፊት ደርሶ ይጠብቃል። የያዘው ባሏ ገመቺስ ነው። ቀይ ወጡ በአምስቱ ጣቶቹ መሃል ሾልኮ፣ ቅቤው በእጅ ሰዓቱ ማሰሪያ ስር አልፎ ወደ ክርኑ እየወረደ ነው፤ እሷም አፏን ዘግታ የቅቤውን መንገድ በዓይኗ ትከተላለች።

“በቃኝ አልኩህ እኮ፣ አባ ሴና።”

“ይቺን ብቻ። እጄ ዛለ።”

ከፈተች። ምን ታድርግ? ጉርሻው ጉንጯን ወጥሮ ገባ፤ የጣቱ ጫፍ ከንፈሯን ነካው። “ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው” አለ ገመቺስ ሁልጊዜ እንደሚለው። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ላሰና የላሰውን እጅ መልሶ ትሪው ላይ ሰደደ። በየነች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ልጃቸው ሴና ተወልዳ፣ አድጋ፣ ለትምህርት ጅማ እስክትሄድ ድረስ ከዚህ ሰው ጋር ከአንድ ትሪ በልታለች፤ ይህን እጅ ግን ያየችው ገና በዚህ ክረምት ነው።

ያየችውም ቀስ ብላ መብላት ስለጀመረች ነው። የሚጣደፍ ሰው የሚያየው የራሱን እጅ ብቻ ነው። እጁን የሰበሰበ ግን፣ እግዜር አያሳየው፣ ሁሉን ያያል፤ ወጥ ውስጥ የሚርመሰመሰውን ጣት፣ እያወራ የሚያላምጠውን አፍ፣ ተግጦ ተመልሶ እንጀራ ላይ የሚቀመጠውን አጥንት፣ ትሪው መሃል ርሶ ጭቃ የመሰለውን እንጀራ። በየነችን አንገሸገሻት። ምግቡ እስኪያልቅ ጠብቃ፣ እንደ ልማዷ ትሪውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ጥቂት ቆይታም አፏን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች ወጣች።

ነገሩ የጀመረው በመርፌ ቀዳዳ ነው። በየነች ልብስ ሰፊ ናት፤ መቱ ገበያ አጠገብ፣ በሀይደር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሠራለች። ዝናቡ ሊገባ ሲል ክሩ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ አልገባም አላት። ክሩን ሰደበች፣ ደመናውን ሰደበች። በመጨረሻ ሀይደር የሰፋችውን ሸሚዝ ወደ ብርሃን ይዞ አገላበጠና፣ “እትዬ በየነች፣ ይሄ ኮሌታ ወዴት ነው የሚሄደው?” አላት። ኮሌታው ወደ ትከሻ መንገድ ጀምሮ ነበር። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ነርሷ ዳናዊት የልጇ እኩያ ናት። ጣቷን ወግታ መሣሪያውን አየችና ወንበሯን አቀረበች።

“ስኳር ነው፣ እትዬ። አይደንግጡ፤ ግን ዓይንዎን መንካት ጀምሯል። አሁን ካልያዝነው የሄደው አይመለስም።”

“ዓይኔ ከሄደማ እንጀራዬ ሄደ ማለት ነው።”

“ስለዚህ ከወዲሁ እንያዘው። ክኒኑን ይውሰዱ፤ ከክኒኑ ጋር ግን ዋናው ምግቡ ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ጎደሬ ይቀንሱ። ጎመን፣ እንቁላል፣ ሥጋ ይጨምሩ። በአንዴ አይደለም። በአንዴ ከቆረጡ ያዞርዎታል፣ ከዚያ ይመርዎትና እርግፍ አድርገው ይተዉታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ለመሆኑ በአንድ ማዕድ ስንት እንጀራ ይበላሉ?”

 በየነችን የሰው ወገብ ጠይቋት፣ በዓይኗ ለክታ ትነግራችኋለች። የራሷን ሆድ ለክታ አታውቅም። ትሪው ላይ እንጀራ ይዘረጋል፣ እጅ ሁሉ ይገባበታል፣ ያልቃል። ማን ስንት በላ ተብሎ የሚቆጠርበት ቤት የተጣላ ቤት ነው።

“የምንበላው ከትሪ ነው” አለች፣ ያጠፋች ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

“እንግዲያው ለብቻዎ ሳህን ይያዙ።”

ለልጅ መናገር ቀላል ነው። ለብቻ ሳህን የሚቀርበው ሳንባው ለታመመ ሰው ነው፤ ካልሆነም ከባሏ ለተኳረፈች ሴት። በየነች ሁለቱንም መባል አልፈለገችም። በሽታውን ለባሏ ብትነግረውም የምግቡን ነገር ለራሷ ይዛ፣ በራሷ ዘዴ ከፊቷ ባለው እንጀራ ላይ በጣቷ ድንበር አሰመረች። መጀመሪያ ከድንበሩ ጥቂት ተወች፤ ሆዷ ሲለምደው ድንበሩን ገፋ አደረገችው። የተወችውን እየጠቀለለች ባሏን ታጎርሰዋለች። ገመቺስ ፍቅር እንደ አዲስ የመጣ መሰለው። በዓል ካልሆነ የማታጎርሰው ሴት በየቀኑ ስታጎርሰው ጊዜ ቀበቶውን አላልቶ፣ ደስ ብሎት ዋለ፤ ብድሩንም በጉርሻ ይመልስ ጀመር። እንዲህ ሆኖ እንጀራው ከሷ ወደሱ፣ ከሱ ወደሷ ሲመላለስ ከረመ።

ጎመኑን ተዉት። ያለ እንጀራ የተበላ ጎመን አፍ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይወርድም፤ ላም ብትሆን ኖሮ ባመነዠከችው ነበር። እንቁላሉም ያ በእግሩ ይሄዳል የተባለው ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሽታው ጠዋት ገና ሳይላጥ ቋቅ ያሰኛታል። ቢሆንም ዋጠችው፤ ዓይኗ ነዋ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሳ ጤና ጣቢያ ሄደች። ምስጋና ጠብቃ ነበር። ዳናዊት መሣሪያውን አየች፣ እንደገና ወጋቻት፣ እንደገና አየች።

“አልወረደም፣ እትዬ። እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል።”

“መሣሪያሽ ተበላሽቶ ይሆናል።”

“ክኒኑን ይውጣሉ?”

“እውጣለሁ።”

“እንጀራውስ?”

“ከምበላው ግማሹን ትቻለሁ። ሴና ትሙት!”

“ከማዕዱ ውጭስ? ጠዋት፣ በመሃል፣ ጓዳ ውስጥ?”

“የምን ጓዳ? ሌባ ነኝ እንዴ?” አለችና ተነሳች። ባጃጅ ውስጥ ገብታ እስከ ቤቷ ድረስ ነርሷን ስታማ ሄደች፤ ሰሚ የሆነላት ግን ዝናቡ ብቻ ነው።

ቤት ስትደርስ ገመቺስ ከቡና መጋዘኑ ለምሳ መጥቶ ነበር። በሉ። ድንበሯን ጠበቀች፤ እንዲያውም ለነርሷ እልህ ብላ ከወትሮው አሳነሰች። ገመቺስ ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ ወጣ። እሷም ትሪውን አንስታ ጓዳ ገባች፣ ከምድጃው አጠገብ ቆመች፣ ከትሪው ስር የቀረውን፣ ወጥ የጠጣውን እንጀራ ጠቅልላ ጎረሰች። ጣፈጣት። ሌላም ጠቀለለች። ሁለተኛውን አፏ ልታደርስ ስትል እጇ ቆመ።

የምን ጓዳ?

እጇ ላይ ያለውን አየችው። ዳር ላይ የጣት ጉድጓድ አለው፤ የገመቺስ ጣት ነው፣ ያ የሚላሰው። አንድ ቦታ ላይ ጥርስ ያረፈበት ጅማት ተጣብቋል። ማዕድ ላይ ዓይኗን የምታዞርበትን፣ የምትጸየፈውን፣ ሌላ ሰው አፍ አጠገብ የዋለውን ሁሉ ጓዳ ገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ቆማ ትጠርገዋለች። ዛሬ ብቻ አይደለም። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም፣ ሙሽራ ሆና ከገባችበት ቀን ጀምሮ። እናቷም እንዲሁ ነበሩ፤ እህል አይጣልም፣ እህል ይረግማል እያሉ የትሪውን ስር ቆመው ይጨርሱ ነበር። ቁጭ ተብሎ የተበላ ይቆጠራል፤ ቆሞ የተበላ ማን ይቆጥረዋል? በየነች አፏ ውስጥ የነበረውን አመዱ ላይ ተፋችው።  ባሏን አልነበረም የተጸየፈችው፤ ራሷን ነበር። እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ታጠበች፣ ሽታው ግን አልለቅ አላት።

እሁድ እንግዳ መጣ። የገመቺስ ታላቅ እህት እትዬ ኢብሴ ከቡሬ አንድ ጆንያ ጎደሬና አንድ ጀሪካን ማር አሸክመው ገቡ። የገመቺስ የሥራ ጓደኛ ኩመራም ምሳ ሰዓትን ጠብቆ ከች አለ፤ ኩመራ ሰዓት አያስርም፣ ሆዱ ይነግረዋል።

“ለስኳርሽ ነው ያመጣሁልሽ” አሉ እትዬ ኢብሴ ጆንያውን እየመቱ። “ጎደሬ እንጀራ አይደለም። ሥር ነው፣ ሥር ደግሞ መድኃኒት ነው። ማሩም የጫካ ነው፤ ንቡ ስኳር አይቶ አያውቅም።”

“እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ” አለች በየነች። ሁለቱንም ጓዳ አስገባችና እዚያው ጥቂት ቆመች። ከመደርደሪያው ለእንግዳ የተቀመጠ ነጭ ሳህን አወረደች። ጎመን፣ እንቁላል፣ ከወጡ ሥጋ ሥጋውን አወጣችበት፤ ጎኑ ላይ አንድ እጥፋት እንጀራ አደረገች። ትሪውን ለእንግዶቹ አቀረበችና ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ሁሉም እጃቸውን ትሪው ጫፍ ላይ አቆሙ።

“ማል ታቴ፣ በየነች?” አሉ እትዬ ኢብሴ። “ምን ሆንሽ? ከወንድሜ ተጣልታችኋል?”

“አልተጣላንም።”

“ታዲያ ሳህኑ ምንድን ነው? የሚጋባ ነገር ነው እንዴ?”

“ስኳር አይጋባም፣ እትዬ። ስንት እንደምበላ እንዳውቅ ነው።”

“ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል” አለ ኩመራ፣ ከሁሉም በፊት ጎርሶ። ከአፉ አንድ የእንጀራ ፍርፋሪ ተፈናጥሮ ትሪው ላይ ሲያርፍ በየነች አየችው። ዘገነናት።

“አብሬያችሁ ተቀምጬ የለ?” አለችው።

 የገመቺስ ፊት ቀልቷል። ጎንበስ ብሎ ጠቀለለ፣ በወጥ አጠቀሰ፣ እንደገና ጠቀለለ፤ የሕፃን ጡጫ የሚያህል ጉርሻ አዘጋጅቶ ወደ ሚስቱ አፍ ዘረጋ። ቅቤው መንገዱን ያውቃል፤ ወደ ክርኑ ወረደ።

“ሃዳ ሴና” አላት የሴናን እናት ቀስ ብሎ። “ሰው ፊት አታሳፍሪኝ።”

አፏን አልከፈተችም። የእትዬ ኢብሴ ዓይን ከሷ ወደ ወንድማቸው፣ ከወንድማቸው ወደሷ ይሄዳል። እጁ ከፊቷ አልነሳ ሲል ቀና አለች። ክረምቱን ሙሉ ጣቱን ብቻ ስታይ ከርማ ዓይኑን ረስታው ነበር። ገመቺስ ፈርቷል። አልተቆጣም፤ ፈርቷል። ሚስቱ ከትሪው የምትሸሸው ከሱ ለመሸሽ መስሎታል። እንዲህ ካየችው በኋላ አሳዘናት፤ ቅቤው ግን አሁንም ያስጠላታል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ሳህኗን አንስታ ከእጁ ስር ያዘችለት።

“እዚህ አድርግልኝ። የበላሁትን አይቼ እበላዋለሁ።”

ገመቺስ ግራ ገባው። ጉርሻውን ለቀቀው፤ ነጩ ሳህን ላይ ዘጭ አለ። በየነች ደግሞ የራሷን እጥፋት እንጀራ ከሳህኑ አነሳችና ትሪው ላይ፣ ከሱ ፊት አስቀመጠችው።

“ያንተ ጉርሻ በዚህ ፋንታ ነው” አለችው። “ሁለቱን አልችልም። ዓይኔ ነው።”

“ጉርሻ እንደ ገበያ ይለወጣል እንዴ?” አሉ እትዬ ኢብሴ።

“ዘንድሮ ይለወጣል፣ እትዬ።”

ኩመራ ሳቀ፤ ሳቁ ማንንም አላሳቀም፣ ግን እጆች ወደ ትሪው ተመለሱ። በየነች ጎመኗን በላች፣ ሥጋዋን በላች፣ እንቁላሉን እንደ ክኒን ዋጠችው። ጉርሻውን ግን አልነካችውም፤ እንደተጨበጠ ሳህኑ ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል።

ምሳው አለቀ። ትሪው መሃል፣ አጥንቱ መሃል፣ ያ የራሰው እንጀራ ቀረ። ሽታው መጣባትና ምራቋ ሞላ፤ ወዲያው ደግሞ ቋቅ አላት። ቤቱ በሙሉ የሷን መነሳት ይጠብቃል። አልተነሳችም።

“አባ ሴና፣ ዛሬ ትሪውን አንተ አንሳው።”

“እኔ?”

“እኔ አለሁ፣ ልጄ” አሉ እትዬ ኢብሴ ሊነሱ ሲሞክሩ።

“እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ ይቀመጡ። እሱ ያንሳው።”

ገመቺስ ትሪውን በሁለት እጁ፣ ከሆዱ አርቆ ይዞ ጓዳ ገባ። ዕቃ ሲንኳኳ ተሰማ። ከዚያ ድምፁ መጣ።

“ሃዳ ሴና! ይሄን የተረፈውን የት ነው የምትደፊው?”

“አልደፋውም” አለች በየነች ካለችበት። “ቆሜ እበላው ነበር።”

 ገመቺስ ትሪውን ይዞ ምን እንደሚያይ ታውቃለች፤ የጋጠውን አጥንት፣ የራሱን የጣት ጉድጓድ። ቆይቶ የጓሮው በር ሲጢጥ አለ፣ ገመቺስም በዝናቡ ውስጥ ውሻውን ሲጠራ ተሰማ።

“እህል ለውሻ?” አሉ እትዬ ኢብሴ ደንግጠው።

 በየነች ሳህኗን ወደ ራሷ አስጠጋች። የባሏን ጉርሻ አየችው፤ ደስ አይልም። በጣቷ ለሁለት ከፈለችው፣ ግማሹን ወደ ዳር ገፋች፣ ግማሹን ተቀምጣ በላችው።