የጓሮ በር

«ከሚስቱ በኋላ ሴት የሚባል ቀና ብሎ አላየም» አለች የሟች ታላቅ እህት፣ ገና ወንበር ይዘው ላልተደላደሉት ለቀስተኞች። «እሷን ከቀበረ ጀምሮ ሥራውና ቤቱ፣ ሥራውና ቤቱ። እንዲህ ያለ ታማኝ ዛሬ ከየት ይገኛል?»

ለቀስተኞቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። በሩ ሥር፣ ዣንጥላ ከተደገፈበት ጥግ የተቀመጠችው ጸጉር ሠሪ ግን ሻይዋ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ይህንኑ ስትሰማ ነው የሰነበተችው። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ይደገማል፤ በተደገመ ቁጥር ከሟቹ ሕይወት ተጠርጋ እንደምትወጣ ይሰማታል። የሚያንገበግባት ደግሞ የእህትየዋ አለማወቅ አልነበረም፤ ማወቋ ነው።

ሟች ሶፋ ሠሪ ነበር። ሰፈሩ «ጋሼ ሶፋ» ይለዋል። መጀመሪያ ወደ ሳሎኗ የመጣው የደንበኞቿን ወንበሮች ሊያድስ ነው። የአንዱን ልብስ ተርትሮ የተፈረፈረውን ስፖንጅ እያሳያት፣ «ይሄ በመቀመጥ አይደለም ያለቀው፤ በሐሜት ነው» አላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሆዷ የሳቀችው ያን ቀን ነበር። ሳቋ ሳያልቅ ደነገጠች፤ ግድግዳው ላይ ያለው የባሏ ፎቶ የሰማት መሰላት።

ወንበሮቹ ታደሱ፣ ሰውየው ግን መምጣቱን አልተወም። አንዴ መስታወት ሊያጠብቅ፣ አንዴ የማይዘጋ መሳቢያ ሊያቃና። እሱም ሚስቱን ቀብሯልና ስለ ሙታን ማውራት አያስፈራውም። ሌላው ሁሉ «እርሽው» ሲላት እሱ ብቻ ነው «ባልሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብሎ የጠየቃት።

«ቀናተኛ ነበር» አለችው።

«አይፈረድበትም» አላት፣ ዓይኑን ከመዶሻው ሳያነሳ።

እንጋባ ሲላት ግን ጉልበት አነሳት። ሥራ ይዛ ራሷን የቻለች ልጇ፣ «የአባቴ አፈር ሳይደርቅ?» ብላ አኮረፈች። እህትየዋም ሳሎን ድረስ መጥታ፣ ጸጉሯን እያሠራች፣ በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብላ አይታት፣ «ወንድሜን ተይልኝ። በስተርጅና የሰው መሳቂያ አታድርጊው» አለቻት። ጸጉር ሠሪዋ ሁለቱንም ፈራች። ሰውየውን በጓሮ በር ታስገባው ጀመር።

እሱም ችሎ ችሎ አንድ ቀን መሣሪያውን ሰበሰበ። «እኔ ሌባ አይደለሁም» አላት። «ወይ በፊት በር እገባለሁ፣ ወይ አልመጣም።»

«ሰው ምን ይላል?»

ደንበኞቿ እያዩት በፊት በር ወጥቶ ሄደ። ልትደውልለት ስልኳን እያነሳች ስታስቀምጥ ሰነበተች። እሷ ስትወላውል እሱ ሥራ ቤቱ ውስጥ፣ ያልጨረሰው ሶፋ ላይ ተደፍቶ ተገኘ።

አሁን እህትየዋ ወሬዋን ለሌሎች ለቀስተኞች እንደ አዲስ ጀመረች። «ከሚስቱ በኋላ እኮ…»

ከጸጉር ሠሪዋ ጎን የተቀመጠችው ልጇ ክንዷን ጎተተች። «እማዬ፣ ፊትሽ ተለዋውጧል። ሰው እያየን ነው፣ እንሂድ።»

«ሰው እንዳያየኝ ስሸሽ አይደል እዚህ የደረስኩት» አለች። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ኖሮ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ተነሳች። እህትየዋን «እርስዎ» ስትላት የኖረችው ሴት ዛሬ «አንቺ» አለቻት።

«ወንድምሽ ሊያገባኝ ነበር። አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ሙት ወቃሽ አትሁኚ።»

«እሱን ምን ብዬ እወቅሰዋለሁ? የምወቅሰው እኔንና አንቺን ነው። እኔ በቁሙ ደበቅሁት፣ አንቺ ደግሞ ከሞተ በኋላ ትደብቂዋለሽ። ሰውየው እኮ ይስቅ ነበር። ወድዶ፣ ተወዶ ነበር። ይህን ቀምተሽ ስታበቂ ታማኝ ነበር ትይልኛለሽ?»

ጸጉር ሠሪዋ በለቀስተኛው መሃል አልፋ ቤተ ዘመዱ ከተደረደረበት አግዳሚ ጫፍ፣ ከእህትየዋ ጎን ተቀመጠች። ማንም ጠጋ አላለላትም። ግማሽ ጎኗ ሜዳ ላይ ቀረ። ልጇ በሩ ሥር አንገቷን ደፍታለች።

በዚህ መሃል ለሟች የሶፋ ጨርቅ ይሸጡለት የነበሩ ሽማግሌ ገቡ። ምንም የሰሙት ነገር የለም። ለእህትየዋ እጃቸውን ሰጥተው «እግዜር ያጽናሽ» አሉ። ቀጥሎ ያለችውን ሲያዩ አላወቋትም፤ የማን ናት በሚል ዓይን ወደ እህትየዋ ተመለሱ።

እህትየዋ ወደ ወለሉ አቀረቀረች።

«እሷንም» አለች፣ ቀና ሳትል።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ።»

ጸጉር ሠሪዋ የማታውቃቸውን ሰው እጅ በሁለት እጆቿ ያዘች። ሽማግሌው ወደሚቀጥለው ሊያልፉ ፈልገው ነበር፤ አልለቀቀቻቸውም።