በጠበል የመጣው ቁራጭ

ሰናይት ያላየችውን አትናገርም። ከቡራዩ ወደ ከተማ በሚወስዳት ሚኒባስ ውስጥ እንኳ አንዱ "ይዘንባል እንዴ?" ቢላት፣ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ሰማዩን ሳታይ አትመልስም። ሥራዋ የቆዳ ነቀርሳን በማይክሮስኮፕ መለየት ነው፤ በግምት ተናግራ የሰው እግር ብታስቆርጥስ!

የሰበታው ጋሽ ጌታቸው ተረከዛቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ወጣባቸው። እሾህ ነው ተባለ፣ ጫማ ነው ተባለ። መቁሰል ሲጀምር ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሙ ከቁስሉ ትንሽ ቆርጦ፣ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተተና፣ ከተማ ላብራቶሪ እንዲያደርሱት ለባለቤታቸው ለእትዬ ደመቀች ሰጣቸው። ጠርሙሱ ቅዳሜና እሁድን እነሱ ቤት አደረ።

ሰናይት ጠርሙሱን ስትከፍት የፎርማሊኑ ሽታ የለም። ጠየቀች። እትዬ ደመቀች አንገታቸውን ደፍተው፣ ያ ውሃ መርዝ መርዝ ስለሸተተ ተደፍቶ ጠበል እንደተሞላበት ነገሯት። እግሩ የሚጠመቅበት ጠበል ለቁራጩ ምን ይከለክለዋል? ወይ ጉድ! ሰናይት ልትቆጣ ነበር፤ ፊታቸውን አይታ ተወችው።

ቁራጩ በስብሶ ነበር። በማይክሮስኮፕ ስታየው ሴሎቹ ሟሙተዋል፤ ይህ ነው የሚባል ነገር የለም። እንደገና ይቆረጥ አለች። ጋሽ ጌታቸው ግን ሁለተኛ ምላጭ አይነካኝም ብለው አሻፈረኝ አሉ። ጾሙ ይፈታ አሉ፣ የልጄ ሰርግ ይለፍ አሉ። እሺ ሲሉ ክረምቱ ገብቶ ነበር።

ሁለተኛው ቁራጭ በደንቡ በፎርማሊን መጣ። ጥቁር ቀለም የተሸከሙ ያበጡ ሴሎች ቆዳውን አልፈው ወደ ውስጥ ዘልቀዋል። ብዙ ሰው የማይይዘው፣ የያዘውን ግን የማይምረው ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ነቀርሳ ነው። ከብሽሽታቸው ዕጢ የተወሰደውም ያው ሆነ፤ ከእግራቸው አልፎ ተሰራጭቷል። ሰናይት ማይክሮስኮፑን አጥፍታ አለቀሰች።

ውጤቱን ሊሰሙ እትዬ ደመቀች ብቻቸውን መጡ። መዳን እንደማይኖር ስትነግራቸው አላለቀሱም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ልጄ፣ ያኔ ጠበሉ ባይገባበት ኖሮ ይተርፍ ነበር?"

ሰናይት አታውቅም። የመጀመሪያው ቁራጭ ምንም አላሳያትም።

"አይ፣ እትዬ። ያኔም ከእግራቸው አልፎ ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ" አለች።

እትዬ ደመቀች ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

"ተባረኪ። ጠበሉን የሞላው እሱ ነው" አሉ። "ራሴን ገደልኩ እያለ እንቅልፍ አጥቷል። ሄጄ፣ ዶክተሯ በዓይኗ አይታዋለች ልበለው።"