እንቁላል ያልገባበት ዶሮ ወጥ

ሁዳዴ ሲገባ ሰው ሁሉ ሥጋው ቅቤው ናፈቀኝ ይላል፤ እኔ እፎይ እላለሁ። ባሌ ሃምሳ አምስት ቀን እንቁላል አይበላም፤ እኔም ሃምሳ አምስት ቀን ተኝቼ አድራለሁ። የምፈራው ፋሲካን ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕና አርብ እንኳ አይጾምም። ለእኔ ከዚያ የከፋ ወቅት የለም።

ሳቁብኝ፤ ልጄ ዳናይትም ትስቅብኛለች። ግን ወንድሜ ዑቕባዝጊ የሞተው በሃምሳ አንድ ዓመቱ፣ ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ፣ ያዘዘውን እንቁላል ፍርፍር ሳይጨርስ ነው። ደርሼ ሳህኑን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ግማሹ አልተነካም ነበር፤ ዳቦውም ተቆርሶ ቀርቷል። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ምን እየበላ ነበር?» ይላል። «እንቁላል» ስንል ከንፈሩን መጠጥ ያደርጋል። በቀን ሁለት ፓኮ ሲጋራ ያጨስ እንደነበር ማንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ባሌ ተወልደብርሃን ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነው። አምና ወንድሜ የሞተበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ እየጎተትኩ ለምርመራ ወሰድኩት። ሐኪሙ ግፊቱም ኮሌስትሮሉም ከፍ ብሏል አለና ኪኒን ጻፈለት። ኪኒኑን እንዳያቋርጥ፣ ጨውና ቅባት እንዲቀንስ፣ በእግሩ እንዲራመድ፣ ብዙ ነገር መከረው። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እንቁላልስ?»

«ባያበዙት ጥሩ ነው» አለ።

በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ እኛ ቤት፣ እንቁላል ገብቶ አያውቅም። ታች ሱቅ ያላትን አስማን ሳይቀር «ለእሱ እንቁላል ከሸጥሽለት ተቀያየምን» ብያታለሁ። ከሥራ ሲመጣ ጃኬቱን የምቀበለው ለማሽተት ነው። ኪሱ ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ ካገኘሁ ራት እስኪቀርብ አለቀውም።

ዳናይት ትሟገተኛለች። «ማሚ ሲሪየስሊ፣ በቀን አንድ እንቁላል ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም። አንቺ ወጡ ላይ የምትደፊው ቅቤ ይብሳል።»

«አባትሽ አብዛኛው ሰው አይደለም።»

«እሺ ሐኪሙን ደግመሽ ጠይቂያ!»

አልጠየቅኩም። ይብላ ቢለኝስ? ወንድሜን የገደለውን ካላወቅኩ ባሌን ከምን እጠብቀዋለሁ? እንቁላል ቢያንስ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ዘንድሮ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ስሠራ እንቁላል አላስገባሁበትም። የባሌ ታላቅ እህት እትዬ ወለተማርያም ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ሁለቴ አዙረው ፈለጉ።

«አስመረት፣ ረሳሽው እንዴ?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ይሄ ምን ሊባል ነው? ዶሮዋ ብቻዋን ገባች?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ተወልደብርሃን ግን አልሳቀም። እንግዶቹ ፊት ጆሮው ቀልቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቅቤ የተንሳፈፈበትን ወጥ በላ። አሳዝኖኝ ነበር፤ ቢሆንም ደስ አለኝ። ይህንንም ፋሲካ አለፍን ብዬ ነበር።

ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። በዚያ ሰዓት መጥቶ አያውቅም። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንክ?»

«ጨጓራዬ ነው። ትንሽ ልተኛ።»

ጃኬቱን ተቀበልኩትና አሸተትኩት። ባሌን ደህና አድርጌ ሳላየው ጃኬቱን አሸተትኩ። የተጠበሰ ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸታል።

«ተወልደ፣ እንቁላል በልተሃል?»

«ኧረ አልበላሁም።»

«በዳናይት ማልልኝ!»

አልማለም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ስፈራ የምናገረውን አላውቅም። «ወንድሜን ቀብሬ አንተን ደግሞ ልቅበር? ለምላስህ ብለህ ልጅህን አባት ልታሳጣት ነው?» እያልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ራሱ ላይ ቆሜ ጮህኩበት። ከዚያ ተልባ በጥብጬ ሰጠሁት። እንደ ሕፃን ጭልጥ አድርጎ ጠጣ። አገጩን ሲያሽ አየሁትና «ጥርስህን ነው?» አልኩት። «አዎ፣ ጥርሴን» አለ። ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ እሺ ይለኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ዳናይት ከቢሮ መጣች። ግንባሩን ነካችውና ፊቷ ተለወጠ። «ማሚ፣ በላብ ርሷል እኮ! እጁ በረዶ ነው!» ስልኳን አውጥታ መኪና ጠራች። ደረጃውን ግራና ቀኝ ደግፈነው ወረድን። በየፎቁ እየቆመ ይተነፍሳል። መንገዱ እንደ ሁልጊዜው ተዘጋግቶ ነበር። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ዳናይት ታለቅሳለች፣ እኔ እጁን ይዤ ያቺን እንቁላል እረግማለሁ። ድንግልን፣ ከእንቁላል ሌላ ምንም ወደ ሐሳቤ አልመጣም።

ሆስፒታል ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ዳናይት ካርድ ልታወጣ ሮጠች። ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጠፉበት። አንዲት ወጣት ሐኪም ማሽኑ ያወጣውን ወረቀት አየችና ወደ እሱ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ሕመሙ የጀመረዎት ስንት ሰዓት ላይ ነው? በትክክል ይንገሩኝ፤ የምንሰጥዎት ሕክምና በሰዓቱ ነው የሚወሰነው።»

ተወልደብርሃን ሐኪሟን አላያትም። እኔን ነው ያየኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ዳናይት ትንሽ ልጅ ሳለች ብርጭቆ ስትሰብር ነበር እንዲህ የምታየኝ።

«ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው» አላት፣ ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳያነሳ።

ስድስት ሰዓት ላይ ቤት ነበር! ላርመው አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ገባኝ። ደረቱ እየተሰነጠቀ ሰውዬው እኔን እየፈራ ነው።

«ዶክተር» አልኩ፣ «እኔ እዚህ ካለሁ እውነቱን አይነግርሽም። ልውጣ።»

ወጣሁ፤ ግን አልጋውን የከለለው መጋረጃ ጀርባ ቀረሁ። መራቅ አቃተኝ።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው» አለ። «ሥራ ልገባ ስል፣ ቁርስ ቤት፣ እንቁላል ስልስ እየበላሁ ነበር።»

«እንቁላሉን ይተዉት ጋሼ። አንድ ሰዓት ተኩል ነው ያሉኝ?»

«አዎ። ያኔውኑ መታከም ነበረብኝ። ምን እየበላህ ነበር ትለኛለች ብዬ ነው። ሲብስብኝ ቤት ገባሁ።»

«የግፊት ኪኒንዎን እየወሰዱ ነው?»

«ካለቀ ቆየ። ሁዳዴ ሳይገባ ነው ያለቀው።»

ሁዳዴ ሳይገባ! እኔ ተኝቼ ባደርኩበት ሃምሳ አምስት ቀን ሁሉ ባሌ ያለ መድኃኒት ነበር። ኪሱን ለፍርፋሪ ስበረብር የከረምኩ ሴት የኪኒኑን ካርቶን አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየሁም። መጋረጃውን ይዤ በጣቴ ቆጠርኩ። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ከዚያ ውስጥ አምስቱን እኔ አጠገብ ነው የነበረው፤ ተልባ ሳጠጣው፣ ስጮህበት።

ሐኪሟ ነርሶቹን ጠራች። ድምፅዋ ፈጠነ። የአልጋው ጎማ ሲንቀሳቀስ የእሱን ድምፅ ሰማሁ፤ ደክሟል።

«ዶክተር፣ እባክሽ፣ ባለቤቴ የእንቁላሉን ነገር እንዳትሰማ።»

ጫማዬን አወለቅኩ። ኮቴዬን እንዳይሰማ በባዶ እግሬ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄድኩ፤ እዚያ መልሼ አጠለቅኩት። አልጋውን እየገፉ ሲወጡ ከሩቅ እንደመጣ ሰው ተጠጋሁና እጁን ያዝኩት።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«ምንም አላሉኝም» አለ። «ጨጓራ ሳይሆን አይቀርም።»

«እሺ» አልኩት። «እሺ ተወልደ።»

አልጋው በሩን አልፎ ገባ፤ እኔን ከውጭ አስቀሩኝ።